ስልሳ ሦስት፣ በግራ እጅሽ

ቁጥሬ ይሉታል። የወጣለት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሱን የሚያውቁት እናቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው። ሥራው የቤት ቁጥር መጻፍ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተራ በተራ በየመንገዱ ይልከዋል፤ እሱም ብሩሽ፣ ቀለምና ታጣፊ ሜትሩን ይዞ በየበሩ ራስ ላይ ቁጥር ሲጽፍ ይውላል። ስምንት ቁጥርን አንዴ ጀምሮ ብሩሹን ሳያነሳ ነው የሚጨርሳት። ለዚች ስምንት ሲል ብቻ ቆሞ የሚያየው መንገደኛ አይጠፋም።

እሱን ዝነኛ ያደረገው ግን የሚጽፈው አይደለም፤ የሚልጠው ነው። አያቶቻቸው የኖሩበትን ቤት የሚፈልጉ ሰዎች ያፈላልጉታል። አንዷ በድሮ ፎቶግራፍ ጀርባ የተጫረ አድራሻ ይዛ ትመጣለች። ሌላው አባቱ በአልጋው ላይ ሆኖ የነገረውን የቤት ቁጥር እንዳይረሳው እያነበነበ ይመጣል። «ሄጄ አየሁት፤ ጋራዥ ነው» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ። ቁጥሬ ይስቅበታል።

«ጋራዡን ተወው ወንድሜ። የተቀየረው ቁጥሩ ነው እንጂ አያትህ ጎማ ውስጥ አልተወለዱም።»

ከዚያ አብሮት ይወጣል። በሩ ላይ የድሮ ቆርቆሮ ሰሌዳ የተመታበትን የምስማር ቀዳዳ ይፈልጋል። በምላጭ ጫፍ ቀለሙን ቀስ እያለ ይልጣል፤ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቁጥር ብቅ ይላል። ሁለት ቤት ሲቀላቀል የተዘለለውን ቁጥር፣ አንድ ግቢ ለወራሾች ሲከፈል የተጨመረውን ቁጥር ልቅም አድርጎ ያውቃል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ያኔ መቁጠር የጀመሩት ከየትኛው ጫፍ ነበር?»

ቤቱን ያገኘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ትልቅ ሰውም ይሁን ጎረምሳ፣ አፉን ዘግቶ ይቆምና መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ቁጥሬ ይህንን ስንት ጊዜ አይቶታል፤ አንድም ቀን አልለመደውም። ሁሌ ራቅ ብሎ ይቆምና ቀለሙን እንደሚያማስል ሰው ይሆናል።

የራሱን ወገን ቤት ግን ፈልጎ አያውቅም። ምን ቆርጦት! እናቱ ከልክላዋለች።

እናቱ የተወለደችው እዚሁ ከተማ፣ ሰፊዎች መንገድ ነው። አምስት ዓመት ሲሆናት ቤቱ ውስጥ ንዳድ ገባ። ትንሿ ልጅ እንዳይዛት ብለው በጭነት መኪና ሌላ ከተማ ወዳለችው አክስቷ ላኳት። «ለጥቂት ቀን ነው» አሏት። ከመሄዷ በፊት እናቷ አድራሻውን በዜማ አስጠናቻት፣ የበሩንም ቁጥር በጣቷ አስነካቻት። አክስቷ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ከአጠገቧ ተከራይታ ትኖር የነበረች ልብስ ሰፊ ልጅቷን ወሰደቻት፤ ሥራ ፍለጋም ሌላ አገር ይዛት ሄደች። ጥሩ ሴት ነበረች፤ እጇን ይዛ ስፌት አስተምራታለች። «አድራሻሽን እንዳትረሺ፤ ስታድጊ ትሄጃለሽ» ትላት ነበር።

አልረሳችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ሰፊዎች መንገድ ገባች፤ በግራ እጇ እያየች ሄደች፤ ስልሳ ሦስትን አገኘችና አንኳኳች። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ከፈተ። ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች ነገረችው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያትና «እኛ ቤት የጠፋ ልጅ የለም» ብሎ በሩን ዘጋው።

ያ በር እሷ ላይ እንደተዘጋ ቀረ። ከዚያው ከተማ አልወጣችም፤ ሠራች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ወደ ሰፊዎች መንገድ ግን ዳግመኛ እግሯን አላነሳችም። ለመሻገር እንኳ ዙሪያውን ትሄዳለች። ወላጆቿ ልከው እንደጣሏት፣ ስትመጣም እንዳላወቋት አድርጋ ሆዷ ውስጥ ቀበረችው። ቤቷ ውስጥ «ስልሳ ሦስት» ማለት ስድብ ነው። ብርጭቆ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ያለ ልጅ «አንተም ስልሳ ሦስት ሆንክብኝ?» ይባላል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ለምደውታል፤ የተዋሰውን ድስት የሚክድ ካለ «ስልሳ ሦስት» ይሉታል፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ።

ግን ቁጥሬ ሕፃን ሳለ ስታስተኛው የምታዜምለት ያንኑ አድራሻ ነበር። ሌላ የልጅ ማስተኛ አታውቅማ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሰውን ሁሉ አድራሻ የሚጠራጠር፣ «ከየትኛው ጫፍ?» ብሎ የማይጠይቅበት ቀን የሌለው ሰው የእናቱን አድራሻ አንድም ጊዜ አልጠረጠረም። እናት የነገረችው ነዋ። ሄዳ አንኳኩታ የተዘጋባትን በር ማን ይጠራጠራል?

በበጋው ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ትእዛዝ አወጣ። ለአንድ በር አንድ ቁጥር ብቻ፤ አሮጌው ሁሉ ይጥፋ። አለቃው መንገዶቹን ሲያድል ሰፊዎች መንገድ ለቁጥሬ ደረሰው። ለእናቱ አልነገራትም። «ወዴት ነህ ዛሬ?» ስትለው «ወደ ታች ነኝ» ብሎ ሸወዳት።

ስልሳ ሦስት ጋ ሲደርስ ደሙ ፈላ። አሁን የጫማ መደብር ሆኗል። ግዙፉ ሰውዬ ሞቶ እንደሆነም ማን ያውቃል። ቁጥሬ ቁጥሩን ሲጽፈው ስድስቷን አሳንሶ፣ ሦስቷን አጣሞ ሊያበላሽባቸው ከጀለው፤ እጁ ግን እንቢ አለው። እንደሌላው ሁሉ አሳምሮ ጻፈና አለፈ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ከአደባባዩ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ነው። ቁጥሬ ግራና ቀኙን እየጻፈ፣ አሮጌውን እያጠፋ በቀናት ወደ ድልድዩ ተጠጋ። አንድ ጠዋት ከአደባባዩ ሲመጡ በቀኝ በኩል ባለ በር ላይ ሁለት መቶ ስምንትን ጽፎ ከመሰላሉ ሲወርድ ዓይኑ ከታች አንድ ነገር ላይ አረፈ። የበሩ መቃን ላይ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ጻፊው ባለሙያ አይደለም፤ ስድስቷ አጋድላለች፣ ሦስቷ ሆዷ ተነፍቷል። ቀለሙ ግን ትኩስ ነው፤ በየጊዜው የሚታደስ። ስልሳ ሦስት ይላል።

እንዲህ ዝቅ ብሎ የተጻፈ የቤት ቁጥር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ልጆች ሲጫወቱ የሞነጨሩት መሰለው። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ቤንዚን አስነካ።

«ልጄ፣ ያቺን አትንካት።»

ቀና አለ። አንዲት አሮጊት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በግራ በኩል ኮሌታቸው ላይ ክር የገባበት መርፌ ሰክተዋል። ቁጥሬ መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ቶሎ ማንሳት አቃተው። የእሱም እናት መርፌዋን የምትሰካው እዚያው ላይ ነው፤ ያሳደገቻት ልብስ ሰፊ እንኳ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» እያለች ትቆጣት ነበር።

«እማማ፣ ትእዛዝ ነው» አለ። «የእርስዎ ቁጥር ሁለት መቶ ስምንት ነው፤ ይኸው ከላይ ጽፌዋለሁ። የታችኛው ይጥፋ ተብሏል።»

«ከላይ ደስ ያለህን ጻፍ። የታችኛዋን የምታጠፋት ባለቤቷ ናት።»

«ባለቤቷ የት አሉ?»

«ውጭ ናት። ገና አልገባችም።»

ሴትዮዋ ጃጅተዋል ብሎ አሰበ። «እንግዲያው ሲገቡ ተመልሼ እመጣለሁ። መቼ ይገባሉ?» አለ፣ ትሕትናውን ሳይለቅ።

«እሱን ብናውቅማ ምን ገዶን» አሉ። «ስትወጣ አምስት ዓመቷ ነበር።»

ቁጥሬ ክው አለ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። እሳቸው ግን ይህን ታሪክ ለስንት ቁጥር ጻፊና ለስንት ቀለም ቀቢ ነግረውታልና እንደለመዱት ቀጠሉ።

«ታናሽ እህቴ ናት። ቤታችን በሽታ ገብቶ አክስታችን ጋ ተላከች። አባታችን ሞተ፤ እናቴ ተረፈች። እግሯ እንደጸና ልጇን ልታመጣ ሄደች፤ አክስቴ ሞታ፣ ቤቷ ተዘግቶ፣ ልጅቷን ማን እንደወሰዳት የሚያውቅ ሰው አጥታ ተመለሰች። ይህ ሳያንስ እዚህ ስትደርስ የበሩ ቁጥር ተቀይሮ ጠበቃት። ቁጥሩ የሚጀምረው ከድልድዩ ነበር፤ በዚያው ዓመት ገለበጡና ከአደባባዩ ጀመሩት። እናቴ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ለመነች። ‹ልጄ የምታውቀው ስልሳ ሦስትን ነው፤ የኔን በር ብቻ ተዉልኝ› አለች። ለአንድ ሰው ተብሎ የመንገድ ሙሉ ቁጥር አይቆምም አሏት።»

«ከዚያስ?» አለ ቁጥሬ።

«ከዚያማ ቀለም ገዝታ መጣችና እዚህች ጋ ጻፈቻት። ‹ምነው እንዲህ ዝቅ አደረግሽው?› አልኳት፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ‹የልጄ ዓይን የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው› አለችኝ። ስልሳ ሦስት ለተባሉት ለአዲሶቹም ሄዳ ‹ልጅ ከመጣች ወደኛ ላኩልኝ› ብላ አደራ ሰጠች። እነሱ ደጎች ነበሩ። ግን ቤቱን ሸጠው ሄዱ፤ የገዛው ሰውዬ ምኑን ያውቃል? ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ‹እማዬ፣ አሁንኮ አድጋለች፤ ቁጥሩን ከፍ እናድርገው› አልኳት። ‹እኔ የማውቀው ይህን ቁመቷን ነው፤ ሌላውን አላየሁትም› አለችኝ። ስትሞት አደራዋ ሁለት ነበር። አንዱ ይቺ ቁጥር ናት፤ እሷ ራሷ መጥታ ታጥፋት አለች። ሁለተኛው ይሄ ነው።»

በሩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ትልቁን የብረት መቀርቀሪያ አሳዩት። ዝጎ ከማቀፊያው ጋር ተጣብቋል።

«እናቴ ማታ ማታ ‹ሁሉም ገብቷል?› ብላ ትጠይቅና ትቀረቅረው ነበር። እህቴ ከሄደች በኋላ አንድም ቀን አልቀረቀረችውም። ‹አንዷ ውጭ ናት› ትላለች። እኔም እንደዚያው፤ በሽቦ ብቻ አስረዋለሁ። ሌባ ቢገባስ ይሉኛል ሰዎች። የሚሰረቅ ቢኖረኝ አይደል?»

ቁጥሬ ከኋላው ያገኘው ነገር ላይ ተቀመጠ፤ የቀለም ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ ደግሞ በቅጡ አልተከደነም። ሱሪው ነጭ በነጭ ሆነ። እሱ ግን አልታወቀውም። ስንት ዓመት የሰው በር ሲልጥ ኖሮ፣ የገዛ አያቱ በእጇ የጻፈችው ቁጥር እዚህ ተቀምጦ ይጠብቀው ኖሯል። በጨርቁ አንድ ጊዜ ጠረግ ቢያደርገው ኖሮስ?

«ዜማ ነበራት?» አለ። «አድራሻውን ያስጠኗት በዜማ ነበር?»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ቀጭን፣ የተሰነጣጠቀ ድምፅ አወጡ። «ሰፊዎች መንገድ፣ በግራ እጅሽ፣ ስልሳ ሦስት...»

«ደፉ ላይ ቁሚ፣ እኔ ነኝ በዪ» ብሎ ጨረሰው ቁጥሬ።

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ ብስክሌት ያቃጭላል። ሁለቱ ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልሰሙም። አሮጊቷ መቃኑን ያዝ አደረጉ።

«እናቴ ናት» አለ ቁጥሬ። «አለች። እዚሁ ከተማ ነው የምትኖረው።»

አሮጊቷ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ቁመቷ ስንት ደረሰ?»

ቁጥሬ ተነስቶ ትከሻውን በእጁ ለካ። «እዚህ ድረስ ነበረች። አሁን ጎብጣ ትንሽ ቀንሳለች።»

የዚያን ቀን ሥራው ቀረ። ቤቱ ሲደርስ እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ሱሪውን አይታ «የት ወድቀህ ነው?» አለችው። እሱ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እማ፣ ያኔ ስትመጪ ሰፊዎች መንገድን በየት በኩል ነው የገባሽው?»

መርፌዋ ቆመ። «ምን አነሳሳህ?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

«በአደባባዩ በኩል። አውቶቡሱ የጣለኝ እዚያ ነው። በግራ እጄ እያየሁ ሄድኩ፣ እንደተባልኩት።»

«አንቺ ስትወጪ ቁጥሩ የሚጀምረው ከድልድዩ ነበር፤ ከሄድሽ በኋላ ነው የገለበጡት። ያንኳኳሽው የሰው ቤት ነው እማ።»

እናቱ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«የሰው ቤት?»

«የሰው ቤት።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው። ልጅ አልጠፋበትም።»

«ምስኪን» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ስረግመው።»

ከዚያ የቀረውን ነገራት። እናቷ ልትፈልጋት መሄዷን፣ ስለ ቁጥሩ ማዘጋጃ ቤት መለመኗን፣ እህቷ መኖሯን ነገራት። ዝቅ ብሎ ስለተጻፈው ቁጥር ሲነግራት «የት ላይ?» አለችው። ታጣፊ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው እግር ላይ ዘረጋና ቦታውን በጣቱ አሳያት። እሷ መዳፏን እዚያ ላይ አሳረፈች። ቤቱን ፈልገው እንዳገኙት ሰዎች ሁሉ ዝም አለች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። «አልጣለችኝም» አለች። ደጋግማ ያንኑ ብቻ አለች። «አልጣለችኝም ለካ።»

በማግስቱ በአደባባዩ በኩል አልሄድም አለች። በድልድዩ በኩል ነው የምገባው ብላ ዙሪያውን አስኬደችው። ምርኩዟን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በግራ እጇ በኩል ያሉትን በሮች እያየች ተጓዘች። ቁጥሬ ከኋላ ተከተላት። ላሳይሽ ሊላት አስቦ ነበር፤ ግን ማሳየት አላስፈለገም። ጀርባዋ ስለጎበጠ ዓይኗ የሚያርፈው ዝቅ ብሎ ነበርና ቁጥሩን ራሷ አየችው። ቆመች። ቀስ ብላ ደፉ ላይ ወጣች፣ ገርበብ ያለውን በር በጣቷ መታች።

«ማነው?» አለ ድምፅ ከውስጥ። በሰላሙ ጊዜ የሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

እህትየዋ እየተጣደፉ ወጡ። ቁጥሬ ወንበር አቀረበላቸው፤ እናቱንም አጠገባቸው አስቀመጠ። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቀፉ፣ ተላቀቁ፣ እንደገና ተቃቀፉ። አንዷ የሌላዋን ኮሌታ ነካች። ሁለቱም ላይ መርፌው በግራ በኩል ተሰክቷል። «እማዬ እንዲህ ነበር የምታደርገው» አሉ ታላቋ። ታናሽየዋ ይህን አታውቅም ነበር፤ እጇ ግን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያውቃል።

ምን ምን እንዳወሩ ቢጻፍ ማለቂያ የለውም። ብቻ ከሰዓት በኋላ ታላቋ ተነሱና ቁጥሬን «ብሩሽህን ስጣት» አሉት። ቁጥሬ የበሩን ዓይነት ቡናማ ቀለም አማስሎ አቀረበላት። እናቱ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ቁጥሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ያጋደለችውን ስድስት፣ ሆዷ የተነፋውን ሦስት ዞረቻቸው። ከዚያ ብሩሹን ነክራ ቀባችው። ብሩሽ መያዝ ስላልለመደች ቀለሙ ግድግዳውም ላይ ተንጠባጠበ፤ ባለሙያው ልጇ ግን አላረማትም። ቀዩ ከቡናማው ሥር ገባ፤ አንድ ቀን ምላጭ የያዘ ሰው ያገኘው ይሆናል።

ብሩሹን መለሰችለትና ወደ ውስጥ ገባች። ታላቋም ተከተሏት።

«በሩን ዝጊው» አለቻቸው። «ሁላችንም ገብተናል።»

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ታላቋ መቀርቀሪያውን ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። ታናሽየዋ አገዘቻቸው፤ አልሆነም። ቁጥሬ ቤንዚን አፈሰሰበት፣ በመዶሻው እጀታ ቀጠቀጠው፣ ሦስቱም እጃቸውን ደራርበው ገፉት፤ መቀርቀሪያው እየተንጫረረ ገባ።